ገበያው በቀዘቀዘበት ሰዓት ቤት እንጀምር ወይስ እንቆይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ግንባታ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ የመጡ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ 200 ካሬ የሊዝ ቦታ አለን፤ ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። አሁን የምንኖረው የካ አባዶ በወር 14 ሺህ ብር ተከራይተን ነው። መሐንዲስ ለ90 ካሬ ቪላ ያወጣልን የወጪ ግምት 3.4 ሚሊዮን ብር ነው። እጃችን ላይ ያለው 1.6 ሚሊዮን ሲሆን፣ ኪራዩን ከፍለን በወር 25 ሺህ ብር መቆጠብ እንችላለን። ወንድሜ «ገበያው ሞቷል፣ ሁሉም ነገር ይረክሳል፣ ጠብቁ» ይለናል። ምን ትመክሩናላችሁ?
ወ/ሮ ት.፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ወይዘሮ ት.፣ ወንድምዎ ሁለት ገበያዎችን አንድ አድርገው ቆጥረዋል። የቀዘቀዘው ያለቀ ቤትና ባዶ መሬት የሚሸጥበት ገበያ ነው። የእናንተን ወጪ የሚወስነው ግን የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የቆርቆሮና የሽቦ ገበያ ሲሆን፣ ይሄኛው ያንን ተከትሎ አይወርድም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ገደቡ በኋላ ላላ ቢልም የቤት ብድር እንደ ልብ አልተገኘምና ገዥ ሳሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ሴራሚክ፣ የመታጠቢያና የሽንት ቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አሉሚኒየም ሁሉ በዚያ ዋጋ የሚገቡ ናቸው። ቤት ፈላጊ ስለጠፋ ብቻ የሚረክሱ አይደሉም።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ለሚሠራ ሰው የሚገኘው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ጥሩ ግንበኛና ፌራዮ (ፌሮ ቆራጭና አሳሪ) ሥራ ስለሚፈቱ በእጅ ዋጋ መደራደር ይቻላል። ብሎኬት አምራቹ ለዱቤ ይለሳለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎርማኑ አምስት ቦታ እየዞረ ሳይሆን የእናንተው ሳይት ላይ ይውላል። ይህን ጥቅም ማግኘት የሚችለው ግን ሥራውን ሳያቋርጥ መክፈል የሚችል ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለማንኛውም ግምት ቢያንስ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ አለበት፤ 3.4 ሚሊዮኑ 4.08 ሚሊዮን ይሆናል። የሚጎድለው 2.48 ሚሊዮን ነው። በወር 25 ሺህ፣ በዓመት 300 ሺህ እየቆጠባችሁ ለመሙላት ከስምንት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ዋጋው አይጠብቃችሁም። ሙሉውን 90 ካሬ አሁን ብትጀምሩ ደግሞ ገንዘቡ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይመታ ያልቃል። ይህ ከሁሉ የከፋው ማቆሚያ ነው።

ምክራችን ጀምሩ፣ ግን ግማሹን ነው። 45 ካሬ፣ ማለትም ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ሠርታችሁ ግቡ። በመሐንዲሱ ግምት አንድ ካሬ ወደ 37,800 ብር ይመጣልና 45ቱ ካሬ 1.7 ሚሊዮን ነው። ወለሉን ሊሾ አድርጋችሁ ሴራሚኩን፣ ኮርኒሱንና የቁም ሳጥን ሥራውን ብታቆዩት ወደ 1.3 ሚሊዮን ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በላይ እንዲወርድ አትጠብቁ፤ ውድ የሆኑት ክፍሎች፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያውና የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ በዚህኛው ግማሽ ውስጥ ናቸው። ከ20 በመቶው መጠባበቂያ ጋር 1.56 ሚሊዮን ይሆናል፤ ጠባብ ቢሆንም እጃችሁ ካለው አያልፍም። ገብታችሁ መኖር ስትጀምሩ የኪራዩ 14 ሺህ ብር ተጨምሮ በወር 39 ሺህ፣ በዓመት 468 ሺህ ብር ለቀሪው ክፍል ይተርፋል።

መሐንዲሱን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ፕላኑ የሙሉው 90 ካሬ ይሁን፣ ፈቃዱም በዚያው ይውጣ፣ ሲሠራ ግን መጀመሪያ የሚሠራው ግማሽ የራሱ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እና የራሱ ፉቲንግ (ኮለኑ የሚቆምበት የአርማታ መሠረት) ያለው ሙሉ ቤት ይሁን። ሁለተኛው ግማሽ በጎኑ በራሱ ኮለን ቆሞ በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። አዲሱ ቤት ሲቀመጥ ትንሽ መስመጡ አይቀርም፤ ከአሮጌው ጋር በአንድ ቢም (አግድም የአርማታ ማሰሪያ) ከታሰረ መገናኛው ላይ ይሰነጥቃል።

ገንዘብ ቢያጥር የት እንደምትቆሙ ከመጀመሪያው ወስኑ። መሠረቱ ወጥቶ፣ ግሬድ ቢሙ (በመሬት ከፍታ የሚሄደው ቢም) ተሞልቶ፣ አፈሩ ተመልሶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማቆም አይጎዳም። ቀጥሎ የሚያቆሙት ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ ቤት ፌሮው ይዝጋል፣ አጠናው ይበሰብሳል ወይም ይሰረቃል፣ ብሎኬቱ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ከመሠረት ለመነሳት እስከ ጣሪያ የሚያደርሰው ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት።

የሊዝ ውላችሁንም አውጡና አንብቡት። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ተጽፎበታል። «እንጠብቅ» የሚለው ምክር ይህን ቀን አይቆጥርም።

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ ልንሠራ ያሰብንበት ቦታ ጥቁር አፈር ነው። የጎረቤት ቤት በሁለት ዓመቱ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ግንበኛው «80 ሳንቲ ቆፍረን በድንጋይ ከሞላነው ችግር የለውም» ይላል። እውነት ነው?
አቶ መ.፣ ከገላን

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ጎረቤትዎ ቤት ላይ የሆነውም ምናልባት ይኸው ነው። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ የቤቱ አንድ ጥግ ከሌላው በተለየ መነሳቱን ወይም መውረዱን ያሳያል። በገላን፣ በአቃቂና በሰበታ ሜዳዎች የሚታየው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ፎቅ የሌለው ቤት ደግሞ ቀላል ስለሆነ እብጠቱን ተጭኖ ማስቀረት አይችልም፤ አፈሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። 80 ሳንቲ ላይ የተቀመጠ ግንብ በየዓመቱ የሚያብጠውና የሚጨማደደው አፈር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

መጀመሪያ የአፈሩን ጥልቀት ይወቁ። በቦታው ሁለት ተቃራኒ ጥግ ላይ ሰው የሚገባበት ጉድጓድ እስከ 2 ወይም 3 ሜትር ያስቆፍሩ፤ ከቤቱ ወጪ አንጻር የሁለት ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ ምንም አይደለም። ከ1.5 ሜትር በታች ሲወርዱ ጎኑ እንዳይናድ ይደገፍ፣ ከላይም ሰው ይቁም። ጥቁሩ የት እንደሚያልቅ፣ ከሥሩ ቀይ አፈር ይሁን የተፈረካከሰ ድንጋይ፣ በሜትር ለክተው ይጻፉ።

አፈሩ ምን ያህል እንደሚያብጥ ለማወቅ ላቦራቶሪ የሚሠራው ቀላል ሙከራ አለ። ደርቆ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) አፈር፣ ልኬት ባለው 100 ሲሲ የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብሎ ውሃ ላይ ይፈስሳል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተኛበት ከፍታ ይነበባል። 10 ሲሲው 15 ከሆነ እብጠቱ 50 በመቶ ነው፣ ጥንቃቄ ይጀምራል። 20 ሲሲና ከዚያ በላይ ከደረሰ ያለ መሐንዲስ ምክር አንድ ድንጋይ እንዳያስቀምጡ።

ጥቁሩ እስከ 1.5 ወይም 2 ሜትር ድረስ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀጥተኛ ነው። ፉቲንጉ ከጥቁሩ በታች ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጥ። ግሬድ ቢሙ ሲሞላ ከሥሩ 10 ሳንቲ ያህል ባዶ ቦታ ይተዉለት፣ ያበጠው አፈር ቢሙን ከሥር እንዳይገፋው። ወለሉ ሥር ያለውን ጥቁር አፈርም ቢያንስ ከ60 ሳንቲ እስከ 1 ሜትር አውጥተው በገረጋንቲ (በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) ይተኩት፤ በየ20 ሳንቲው ውፍረት እየተደለደለ፣ እየረጠበ፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ። ገረጋንቲውን በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ መርገጥ የተለመደ ነው፤ በዓመቱ የሚሰምጠውም ያ ወለል ነው። ጥቁሩ ከ2 ሜትር በላይ ከወረደ የመሠረቱ ዓይነት ራሱ ሊለወጥ ስለሚችል ውሳኔውን ለመሐንዲስ ይተዉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቢኖር ገረጋንቲ ውሃ የሚያሳልፍ መሆኑን ነው። ጥቁሩ ግን አያሳልፍም። ጥቁሩን ቆፍሮ በገረጋንቲ መሙላት፣ ውሃ መግቢያውን ካልዘጉት፣ ከቤትዎ ሥር ገንዳ እንደ መሥራት ነው፤ የክረምቱ ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል፣ ዙሪያው ያለው ጥቁር ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የአርማታ ንጣፍ ይሥሩ፤ በአንድ ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ መውረድ ይበቃዋል። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከንጣፉ ውጭ ይጣል። የፍሳሽ ጉድጓዱም የውሃ ታንከሩም ከግድግዳው ይራቁ። ባሕር ዛፍ በግቢው ካለ ደግሞ ሥሩ ከአፈሩ ውሃ ስለሚመጥጥ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ከቤቱ ይራቅ።

የጊዜውም ነገር አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ የተሠራ መሠረት፣ ክረምት ሲገባ የአፈሩን ሙሉ እብጠት ይቀበላል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ አፈሩ ገና እርጥበት እያለው ቆፍሮ ሳይቆዩ መሙላት ይሻላል። የተቆፈረ ጉድጓድ ክፍቱን ሳምንታት አይደር።

ጥያቄ፦ ሲሚንቶ አሁን በቀላሉ ይገኛል። እንደ በፊቱ ሳይጠፋ ለሙሉ ቤቱ ገዝቼ ላስቀምጥ?
ከሱሉልታ

መልስ፦ ሲሚንቶውን አይግዙ፤ ፌሮውን ይችላሉ። በጥሩ መጋዘን ውስጥ እንኳን የተቀመጠ ሲሚንቶ በሦስት ወር ከጥንካሬው ወደ 20 በመቶ፣ በስድስት ወር ወደ 30 በመቶ ሊያጣ ይችላል። እንደ ሱሉልታ ባለ ጭጋጋማና እርጥብ ቦታ ከዚህ ሊብስ ይችላል። ለአንድ ወር ሥራ የሚበቃውን ብቻ ይግዙ፤ ከመሬት 15 ሳንቲ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው፣ ከ10 ከረጢት በማይበልጥ ከፍታ ይደርድሩት፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ከያዘ ለአርማታ አይሆንም።

ስንት እንደሚበቃዎ ለማወቅ ከአርማታው ይነሱ። ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይሰላል። 100 ካሬ አካባቢ የሆነ ቪላ ከፉቲንግ እስከ ላይ ማሰሪያ ቢም ወደ 30 ሜትር ኩብ አርማታ ቢይዝ፣ 108 ኩንታል ይሆናል፣ 216 ከረጢት። ግንቡ፣ የብሎኬቱ ሞርታርና ልስኑ ሲጨመሩ 180 ወይም 200 ኩንታል አካባቢ ይደርሳል። ሳይት ላይ ሲቦካ ለአንድ ከረጢት 50 በ40 በ18 ሳንቲ በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፣ ከ25 ሊትር ያልበለጠ ውሃ። በአካፋ እየገመቱ መጨመርና «እንዲፈስ» ብሎ ውሃ ማብዛት ነው አርማታን የሚገድለው። አሸዋው ርጥብ ከሆነ ውሃውን ቀንሱ።

ፌሮ ሲገዙ ሚዛን ይዘው ይሂዱ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 8 ቤርጋ (8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ ፌሮ) 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ቤርጋ 7.4፣ ባለ 12 ቤርጋ 10.7፣ ባለ 14 ቤርጋ 14.5 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። በባለ 12 ስም የሚሸጥ 11 ሚሊ ፌሮ ከተሰላው የብረት ስፋት 16 በመቶ ይጎድለዋል፤ ዐይን አይለየውም፣ ሚዛን ግን ይለየዋል። አምስት ቤርጋ አንድ ላይ መዝነው ለአምስት ያካፍሉ። ሲያስቀምጡት ከመሬት አንስተው በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ቀላል ዝገት አይጎዳውም፣ በቅርፊት የሚነሳ ዝገት ግን ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ አሸዋው ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ቢያጆውስ (የአንድ መኪና ጭነቱ) ልክ መሆኑን?
ከሰበታ

መልስ፦ የጠርሙስ ሲሶ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው፣ ቁንጥር ጨው፤ በደንብ ነቅንቀው ሦስት ሰዓት ያቆዩት። ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ከበለጠ፣ ማለትም 10 ሳንቲ አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ቢያጆውን በተመለከተ፣ ሲኖ ትራኩ 16 ሜትር ኩብ ነው የሚልዎትን አይመኑ፤ ከመገልበጡ በፊት የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለክተው ያባዙ፣ የከፈሉትም ለዚያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ ኮለኑ ቆሞ የተተወ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ገንዘብ ስላጠረው ካወጣው ባነሰ ዋጋ ይሸጥልኛል። ከአዲስ ከመጀመር አይሻልም?
አቶ ዳ.

መልስ፦ በቀዘቀዘ ገበያ ውስጥ እውነተኛ ቅናሽ የሚገኘው እንዲህ ያለ ቤት ላይ ነው፤ ሰው ተይዞ የሚቀረውም እዚያው ላይ ነው። አቶ ዳ.፣ ከቤቱ በፊት ወረቀቱን ይዩ።

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ፣ ፋይሉ አሁን በየትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ ይጠይቁና ካርታውን እዚያው ካለው ማኅደር ጋር ያስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ ይውሰዱ፤ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ቀያሽ ወስደው ካርታው ላይ ባሉት መጋጠሚያዎች ድንበሩን ያስለኩ፤ አጥሩ ካርታውን ላይከተል ይችላል። የቦታው መነሻ «ከገበሬ የተገዛ» ከሆነ እዚያው ላይ ይቁሙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በመንደር ውል የተያዘ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ምን እንደሚገጥመው በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ታይቷል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት፤ የሰፈር ምስክር አይተካውም።

ቦታው ሊዝ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ የሊዝ ቦታ ላይ ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ለቪላ «ግማሽ» የሚባለው መሠረቱ፣ ኮለኖቹና የላይ ቢሙ ሲያልቁ ነው። እርስዎ የሚሉት ቤት ኮለን ላይ የቆመ ስለሆነ ከዚህ በታች ነው ማለት ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ስለ ዝውውሩ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱን መልስ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወረቀቱ ከጸዳ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ቱንቢና ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ኮለኑን በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ፤ የታፈነ ድምፅ ወይም ጠጠሩ ያለ ሲሚንቶ ተራቁቶ የሚታይበት ቦታ፣ በተለይ ከታች 30 ሳንቲው ላይ፣ አርማታው ሳይነቀነቅ መሞላቱን ያሳያል። ከኮለኑ አናት የወጣውን ፌሮ በብሩሽ ፍቀው በካሊፐር ይለኩ፤ ባለ 14 የነበረው ወደ 13 ከወረደ መሐንዲስ ሳያየው አይቀጥሉበት። ስታፋዎቹ (ቋሚውን ፌሮ የሚያቅፉት ቀጭን የፌሮ ቀለበቶች) በምን ያህል ርቀት እንደታሰሩ ከፕላኑ ጋር ያስተያዩ። ከዚያ በአንድ ፉቲንግ ጎን እስከ ሥሩ ያስቆፍሩ። ስፋቱ ፕላኑ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ወይም ጥቁር አፈር ላይ ከተቀመጠ ለግንባታው ምንም አይክፈሉ፤ የማፍረሻውን ወጪ ከቦታው ዋጋ ቀንሰው ይደራደሩ። ሻጩ «መቆፈር አይቻልም» ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ስላነሰን ሳያልቅ ልንገባ ነው። የቱን እናቆይ፣ የቱን አናቆይ?
ከሰንዳፋ

መልስ፦ የማይቆዩት ግድግዳና ወለል ውስጥ የሚቀበሩት ናቸው፦ የመብራት ቱቦ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ መታጠቢያው ወለል ሥር የሚገባው ውሃ መከላከያ። ወደፊት ለሚጨምሩት ክፍልም ባዶ ቱቦ አሁኑኑ ይቅበሩ፤ የሁለት ሺህ ብር ቱቦ ዛሬ ያልተቀበረ እንደሆነ ነገ ልስን ያስፈርሳል። የውስጥ ልስን ይሠራ፤ የውጩን ዝናብ የሚመታው ጎን ብቻ አስቀድሙ። ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ የውስጥ በሮችና ቀለም ይቆዩ። ቆጣሪና የውሃ መስመር ማመልከቻውን ግን ጣሪያ ሳይመታ ያስገቡ፤ ወረፋው ከቤቱ ይዘገያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው አካባቢዎች 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ለአምስት ሰው ቤተሰብ፣ በቀን ለሰው 50 ሊትር ሒሳብ፣ ስምንት ቀን ያደርሳል፤ ሙሉው ክብደት ሁለት ቶን ስለሆነ ማማው በራሱ ፉቲንግ ይቁም እንጂ ግድግዳው ላይ አይጫን።